የሲያማንድ ራህማን 310 ኪሎ ምን ያህል ይከብዳል?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ባዶው ዘንግ 20 ኪሎ ይመዝናል። ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ በሁለቱ ጫፍ የሚይዙት ማጥበቂያዎች እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ናቸው፤ እስካሁን 25። ይህን ከ310 ላይ ስንቀንስ 285 ይቀራል፣ ለሁለት ሲካፈል በየጎኑ 142.5 ኪሎ። ባለ 25 ቀይ ዲስክ አምስት፣ ቀጥሎ ባለ 15 አንድ፣ ቀጥሎ ባለ 2.5 አንድ። በግራ ይሄ ሁሉ፣ በቀኝም ይሄው ሁሉ። ይህን የተሸከመው ዘንግ ወርዶ የሚያርፈው በጀርባው የተንጋለለ ሰው ደረት ላይ ነው። ሰውየው ደግሞ እግሩን መሬት ላይ አልተከለም።

ያንን ዘንግ መልሶ ወደ ላይ የገፋው ሲያማንድ ራህማን ይባላል። ቀኑ ሴፕቴምበር 14፣ 2016 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቦታው የሪዮ ፓራሊምፒክ። ከእሱ በፊት በፓራሊምፒክ መድረክ ከ300 ኪሎ በላይ ያነሳ ሰው አልነበረም። ኢራናዊ ነው፣ በብሔሩ ኩርድ፣ ያኔ ዕድሜው 28። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንኳ አልኖረም።

ስለ እንዲህ ያለ ሰው ሲጻፍ ርእሱ ገና ሳይነበብ ይታወቃል፤ «አካል ጉዳት ያልበገረው ጀግና»። ክፋት የለበትም። ነገር ግን «ያልበገረው» ባልን ቁጥር ሰውየውን የምንለካው እኛ ከእሱ ከጠበቅነው አንጻር ነው፤ የጠበቅነው ደግሞ ጥቂት ነበር። በዚያ ሚዛን 100 ኪሎ ያነሳውም 310 ያነሳውም እኩል ጀግና ይባላሉ፣ እኩል ይጨበጨብላቸዋል፣ ቁጥሩ ግን መሀል ላይ ይጠፋል። ራህማን ወጣትነቱን የሰጠው ለቁጥሩ ነው። ስለዚህ እኔም ጀግንነቱን ለሌሎች ትቼ ቁጥሩን ልያዝ።

ቤንች ፕሬስ፣ ተንጋሎ ዘንግ መግፋት ማለት ነው፣ ለሚያየው ሰው የክንድና የደረት ሥራ ይመስላል። የሠራው ግን ያውቀዋል። ጥሩ አንሺ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ተረከዙን ወደ ታች ይገፋል፤ ግፊቱ በጭኑ፣ በዳሌው፣ በጀርባው በኩል አልፎ ትከሻው ዘንድ ይደርሳል። ዘንጉ ከደረት በሚላቀቅባት በዚያች አስጨናቂ ቅጽበት ይህ ከታች የመጣ ኃይል ትልቅ ደጋፊ ነው። እግሮቹ ሌላም ሥራ አላቸው፤ እንደ ድንኳን ካስማ ሆነው ሰውነቱ ግራና ቀኝ እንዳይዋልል ይይዙታል።

ራህማን በሚወዳደርበት በፓራ ፓወርሊፍቲንግ፣ በአካል ጉዳተኞች የቤንች ፕሬስ ውድድር፣ ካስማው የለም። አንሺው ሙሉ በሙሉ አግዳሚው ላይ ይጋደማል፣ እግሮቹም ተዘርግተው እዚያው አግዳሚ ላይ ይሆናሉ። ርዝመቱ 2.10 ሜትር፣ ስፋቱ 61 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትከሻና ራስ በሚያርፉበት በኩል ደግሞ 30.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እስኪሆን ይጠባል፣ ክንዶቹ እንደልብ እንዲወርዱ። እግሮቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀበቶ ከአግዳሚው ጋር ይታሰራሉ። ቀበቶው ኃይል አይጨምርም፣ ከመንሸራተት ያድናል እንጂ። እንግዲህ 310 ኪሎ አየር ላይ ተይዞ፣ ሰውየው የሚደገፈው ከአንድ ክንድ ርዝመት በማትሰፋ ጠባብ ሳንቃ ላይ ባረፉ ሁለት የትከሻ አጥንቶች ነው። ዘንጉ በሁለት ጣት ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል የሚያቃናው እግር የለም፤ ያው ክንዱና ጀርባው ናቸው።

ይህን ካወቅን በኋላ ማወዳደር ይቻላል። ራህማን ሪዮ ላይ 310 ባነሳበት ጊዜ፣ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ከአጋዥ ሸሚዝም ሆነ ከሌላ አጋዥ ልብስ ውጭ ከሚያነሱት ሁሉ ትልቁ ክብደት የሩሲያዊው ኪሪል ሳሪቼቭ 335 ኪሎ ነበር፤ በ2015 የተመዘገበ። በ2021 አሜሪካዊው ጁሊየስ ማዶክስ 355 አድርሶታል። የውድድሮቹ ሕግ አንድ ስላልሆነ ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ሙሉ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም በዚያ በ2016 በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት 25 ኪሎ ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ አንደኛው መላ ሰውነቱን ይዞ፣ ሌላኛው ከወገቡ በታች ያለውን ሳይጠቀም። «ያልበገረው» የሚለው ርእስ ይህን 25 ኪሎ አያሳይም።

ሕጉም አይራራም። ስሙ ከተጠራ በኋላ አንሺው ሁለት ደቂቃ አለው። ዘንጉን በተዘረጋ ክንድ ይዞ ይረጋጋል፣ የዋናው ዳኛ ትእዛዝ ሲሰማ ያወርዳል፣ ደረቱ ላይ አሳርፎ ይቆማል። ይህች መቆም ናት ብዙዎችን የምትጥለው። ወርዶ ነጥሮ የሚወጣ ዘንግ ዋጋ የለውም፤ ፍጹም እንደቆመ መታየት አለበት። ከዚያ ሁለቱም ክንዶች እኩል ይገፋሉ፣ እኩል ይዘረጋሉ። አንዱ ክንድ ቀድሞ ሌላው ቢከተል፣ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ ዘንጉ ጥቂት ዝቅ ቢል፣ ቀይ መብራት ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለት ነጭ መብራት ያስፈልጋል። ሦስት ሙከራ ይሰጣል፣ አለቀ። ክብረ ወሰን ለመስበር አራተኛ ሙከራ ሊፈቀድ ይችላል፣ እሱ ግን ለውድድሩ ውጤት አይቆጠርም።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። በፓራ አትሌቲክስ ወይም በዋና እንደምናየው በጉዳት ዓይነትና መጠን የተከፋፈሉ ብዙ ምድቦች እዚህ የሉም። የልጅነት ልምሻ የያዘው፣ አከርካሪው የተጎዳ፣ እግሩ የተቆረጠ፣ ቁመቱ በተፈጥሮ ያጠረ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወዳደራሉ፤ የሚለያቸው የሰውነት ክብደት ብቻ ነው። እግሩ ለተቆረጠ ሰው ሚዛን ላይ የጎደለው ተሰልቶ ይጨመርበታል። ለወንዶች አሥር፣ ለሴቶች አሥር የክብደት ምድብ አለ፤ ሴቶቹ ወደ ፓራሊምፒክ የገቡት በሲድኒ 2000 ነው። በወንዶች ታችኛው ምድብ እስከ 49 ኪሎ የሚደርሰው ነው። ቬትናማዊው ሌ ቫን ኮንግ በዚህ ምድብ ሪዮ ላይ 183 ኪሎ አንስቷል፤ ከራሱ ክብደት ሦስት ጊዜ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። በንጽጽር ካየነው ከራህማንም የሚበልጥ ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ አልጣላውም።

የራህማን ምድብ የመጨረሻው፣ ከ107 ኪሎ በላይ የሚባለው ነበር (እስከ ለንደን 2012 ድረስ ወሰኑ 100 ነበር)። ይህ ምድብ ወለል እንጂ ጣሪያ የለውም። የጣሪያ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰውየው ከየት መጣ? ኦሽናቪየህ በኢራን ሰሜን ምዕራብ፣ በምዕራብ አዘርባጃን ክፍለ ሀገር፣ ለኢራቅና ለቱርክ ድንበር የቀረበች የኩርዶች ከተማ ናት። ራህማን እዚያ የተወለደው ማርች 21፣ 1988 ነው፤ የፋርሶች አዲስ ዓመት ኖውሩዝ በዋለበት ቀን። ዓመቱም ተራ ዓመት አይደለም። ስምንት ዓመት የፈጀው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት የቆመው በዚያው በ1988 ነሐሴ ላይ ነው፤ ኢራን ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሊምፒክ የተሳተፈችውም በዚያው ዓመት በሴኡል። ሁለቱ አጋጣሚዎች ተያያዥ ናቸው። ጦርነቱ እጅግ ብዙ ወጣት አካል ጉዳተኛ አድርጎ ነበር፤ ኢራናውያን «ጃንባዝ» ይሏቸዋል፣ ነፍሱን ያስያዘ እንደማለት። ለእነሱ ተብሎ የተዘረጋው የስፖርት መዋቅር፣ አሠልጣኙ፣ አዳራሹ፣ በጀቱ፣ ከእነሱ በኋላ ለመጣው በጦርነት ላልቆሰለው ትውልድም ደረሰ። ኢራን ተቀምጠው በሚጫወቱት መረብ ኳስ ከሴኡል ጀምሮ ደጋግማ የፓራሊምፒክ ወርቅ የምትወስደው ከዚሁ ሥር ነው። ራህማን የጦርነቱ ተጎጂ አልነበረም፣ ጦርነቱ ትቶት ከሄደው ነገር ግን በልቷል።

ከመዋቅሩ ጀርባ ደግሞ ከእሱ በብዙ የሚያረጅ ልማድ አለ። ኢራን ውስጥ «ዙርኻነህ» የሚባል፣ ትርጉሙ የኃይል ቤት የሆነ ጥንታዊ የማሠልጠኛ ቦታ አለ፤ መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ከበሮ የሚመታበት፣ ግጥም የሚዜምበት። ዩኔስኮ በ2010 ሥርዓቱን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ከልምምዶቹ አንዱ «ሳንግ» ይባላል። ሰውየው በጀርባው ተንጋሎ ሁለት ከባድ የእንጨት ጋሻዎችን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ይገፋል። ቤንች ፕሬስ የሚባል ነገር በስሙ ከመታወቁ በፊት ኢራናውያን ተንጋለው ክብደት ሲገፉ ኖረዋል ማለት ነው። ከዚህ የወጣ «ፓህላቫን» የሚል የክብር ስምም አለ፤ ጉልበትና ምግባር የተገናኙበት ሰው። በሲድኒና በአቴንስ ኦሊምፒክ በከባድ ሚዛን ወርቅ የወሰደው ክብደት አንሺ ሆሴን ሬዛዛዴህ በአገሩ የተወደደው በሜዳልያው ብቻ አልነበረም። በፓራሊምፒኩም ከራህማን በፊት ካዜም ራጃቢ በቤጂንግ 2008 በከባዱ ምድብ ወርቅ አምጥቶ ነበር። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ እግሩ የማይታዘዘው የኦሽናቪየህ ልጅ ዘንግ ሲይዝ፣ ምን መሆን እንደሚችል የሚያሳየው ሰው በአገሩ ሞልቶ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ይወለዳል፤ የሚያየው አርአያም የሚተኛበት አግዳሚም ሳያገኝ ያረጃል።

ስሙ የገነነው በ2010 ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ የእስያ ፓራ ጨዋታዎች 290 ኪሎ አነሳ፤ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ 300 መቼ? በለንደን 2012 በ280 ኪሎ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ ከ300 በላይ አስጫነ፣ አልተሳካም። በ2014 በኢንቼዮን የእስያ ፓራ ጨዋታዎች ላይ 292 ሆነ። አራት ዓመት፣ ሁለት ኪሎ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የዚህ ስፖርት ኑሮ ያለው በእነዚህ ሁለት ኪሎዎች ውስጥ ነውና። ጀማሪ በሳምንት አምስት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ጫፍ ላይ ለደረሰ ሰው ግን ጡንቻው ብቻ ሳይሆን ጅማቱ፣ የክርኑና የትከሻው መገጣጠሚያ፣ ከሁሉም በላይ ነርቮቹ ያንን ጭነት መልመድ አለባቸው፤ ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ይልቅ በዝግታ ነው የሚጠነክረው። ዊልቸር የሚጠቀም አንሺ ላይ ሌላም ችግር አለ፦ ትከሻው አያርፍም። ሌላው ሰው ልምምዱን ጨርሶ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ትከሻውም እፎይ ይላል። እሱ ግን ተሽከርካሪውን የሚገፋው፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና የሚሸጋገረው በዚያው በደከመ ትከሻ ነው። የሥራውም የኑሮውም መሣሪያ አንድ ነው። እንዲህ ሆኖ በአራት ዓመት ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው፣ ከኢንቼዮን እስከ ሪዮ ባሉት ሁለት ዓመታት ሌላ 18 ኪሎ መጨመሩ ነው የታሪኩ እውነተኛ እንቆቅልሽ።

ፈቺው በከፊል ተፎካካሪ ማጣቱ ይመስለኛል። ሪዮ ላይ ብር ያገኘው ሰው ያነሳው ከ240 ኪሎ በታች ነው። እንዲህ ባለ ልዩነት ውስጥ ያለ አትሌት ወርቁ የሚያልቀው በመጀመሪያ ሙከራው ነው፤ ሌላው ለሁለተኛነት ሲሻማ እሱ የቀሩትን ሙከራዎች እንዳሻው ያደርጋቸዋል። ስህተት ቢሠራ የሚያጣው የለም። ይህ ነጻነት ነው፣ ብቸኝነትም ነው። የሚያሳድደው ሰው ስለሌለ የሚያሳድደው ቁጥሩን ሆነ። ሪዮ ላይ 300ን አልፎ 310 ላይ ነው የቆመው። ጋዜጦች «የኢራን ሄርኩለስ»፣ «የዓለማችን ኃያሉ ፓራሊምፒያን» አሉት። በ2018 በጃካርታ የእስያ ፓራ ጨዋታዎች ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወርቅ ወሰደ። ቀጣዩ ቶኪዮ ነበር፣ ሦስተኛው የፓራሊምፒክ ወርቅ።

ማርች 1፣ 2020 በትውልድ ከተማው በኦሽናቪየህ ልቡ በድንገት ቆሞ ሞተ። 32 ዓመት ሊሞላው፣ ኖውሩዝም ሊገባ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ስለ አንድ ሰው ልብ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ነውር ነው፤ አላደርገውም። ስለ ምድቡ ግን መናገር ይቻላል። ጣሪያ የለውም ያልኩት ይህንን ነው። ከ107 በታች ያሉት አንሺዎች ሁልጊዜ ከሚዛን ጋር ይደራደራሉ፤ አንድ ኪሎ ከጨመሩ ምድብ ይቀይራሉ። በመጨረሻው ምድብ ያለው ሰው ግን ክብደት ቢጨምር የሚቀጣው የለም፣ እንዲያውም ይሸለማል። ሰውነት ሲገዝፍ ጡንቻ የሚሸከመው መሠረት ይሰፋል፣ ደረትም ከፍ ስለሚል ዘንጉ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል። መንገድ ሲያጥር ሥራው ይቀንሳል። ስለዚህ ሕጉ በዝምታ «ግዘፍ» ይላል። ልብ ደግሞ ይህን ግዙፍ ሰውነት በየቀኑ ማገልገል አለበት፤ እግር የማይሠራለት ሰው ሮጦ ወይም ተራምዶ ልቡን የሚያለማምድበት ዕድል ጠባብ ነው።

የማንሳቱ ቅጽበትም ራሱ ጫና አለው። አንሺው ትልቅ ትንፋሽ ስቦ፣ ጉሮሮውን ዘግቶ፣ ደረቱን እንደ በርሜል አጠንክሮ ነው የሚገፋው። በ1985 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ልምድ ባላቸው አምስት የሰውነት ገንቢዎች የክንድ ደም ሥር ውስጥ መለኪያ አስገብቶ፣ ከባድ ክብደት በእግራቸው ሲገፉ የደም ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 መድረሱን አሳይቷል፤ የአንዱ 480 በ350 አልፏል። ሐኪም ቤት ስንለካ 120 በ80 ሲባል ደኅና ነው የምንለው። ይህ ጭማሪ ለሰከንዶች የሚቆይ ነው፣ ጤነኛ ደም ሥርም ይችለዋል። በመሆኑም «ክብደት ማንሳት ገደለው» የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። የሚወጣው ጥያቄ ነው፦ ማደግን ብቻ በሚሸልም ምድብ ውስጥ ላለ አትሌት፣ ከወርቁ ውጭ ልቡንስ የሚከታተለው ማን ነው? የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሌሊት በር አንኳኩቶ ሊመጣ ይችላል። የልብ ምርመራን እንዲያ የሚያንኳኳበት የለም።

ራህማን ከሄደ በኋላ የሆነው ነገር የቁጥሩን ክብደት ከማንኛውም ንጽጽር በላይ አሳየ። በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት በዘገየው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ፣ በእሱ ምድብ ሁለት ሰዎች እኩል 241 ኪሎ አነሱ፤ ዮርዳኖሳዊው ጀሚል ኤልሸብሊና ኢራናዊው መንሱር ፑርሚርዛኢ። እኩል ሲሆኑ ሕጉ ወርቁን የሚሰጠው ሰውነቱ ለቀለለው ነው፤ ኤልሸብሊ ወሰደ። ማደግን በሚሸልመው ምድብ ውስጥ ወርቁ በመቅለል ተወሰነ፤ ምፀቱን ያየው ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ። በፓሪስ 2024 ሌላው ኢራናዊ አህመድ አሚንዛዴህ በ263 ኪሎ ወርቁን ወደ አገሩ መለሰው። 263 ግዙፍ ክብደት ነው። ከ310 ግን 47 ኪሎ ይጎድለዋል።

በዚህ ስፖርት ክብረ ወሰን የሚሰበረው በግማሽ ኪሎ ነው። 310.5 ለማስጫን በየጎኑ የሚጨመረው ሩብ ኪሎ የምትመዝን፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዲስክ ናት፤ ከአምስቱ ቀይ፣ ከባለ 15ቷና ከባለ 2.5ቷ ቀጥላ መጨረሻ ላይ የምትገባ። በቶኪዮም በፓሪስም በዚህ ምድብ ለዚያ ሥራ አልተፈለገችም።